ኅብስት ይዘው ወደ ወኅኒ የመጡት ክርስቲያኖች

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ለዚህ የበዓል መጽሔት አንድ የታሪክ ጽሑፍ እንዳዘጋጅ በታዘዝሁ ጊዜ፥ የደብራችንን አመሠራረት የሚያውቁት አባቶችና እናቶች በየገጻቸው ስለሚናገሩ፥ እኔ ወደ ኋላ ርቄ አንድ የግብፅ ታሪክ ላቀርብ ወደድሁ። ጌታችን በመጨረሻው ምሽት ለደቀ መዛሙርቱ፥ እርስ በርሳቸው ቢዋደዱ የእርሱ እንደ ሆኑ ሰው ሁሉ በዚህ እንደሚያውቅ ነግሯቸዋል (ዮሐ. 13፥35)። ይህን ቃል ብዙ ጊዜ የምንሰማው ለእርስ በርስ ሰላም ሲባል ነው። ነገር ግን «ሰው ሁሉ» ሲባል በውጭ የቆመው፥ ገና ያላመነው ሰውም አለበት። በውጭ ቆሞ ይህን ምልክት ያየና በእርሱ ምክንያት ያመነ ሰው ማን ነው ተብሎ ቢጠየቅ፥ ሁላችን በስም የምናውቀው አንድ አባት አለ፤ እርሱም የአንድነት ገዳም ሥርዓት አባት አባ ጳኩሚስ ነው።

ጳኩሚስ በላይኛው ግብፅ፥ ዛሬ ኢስና በምትባለው ከተማ አካባቢ፥ በ292 ዓ.ም. ገደማ ተወለደ (ዓመታቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር አስቀምጣለሁ)። ወላጆቹ ጣዖት አምላኪዎች ነበሩ። ዕድሜው ሃያ ያህል ሲሆን፥ በ312 ገደማ፥ ለጦርነት ወጣቶች በግድ ሲሰበሰቡ እርሱም ተያዘ። ገድሉ ንጉሡን ቆስጠንጢኖስ ብሎ ይጠራዋል፤ በዚያን ዓመት ግን ግብፅ በመክሲሚኖስ ዳያ እጅ ነበረች፤ ጦርነቱም ከተቀናቃኙ ከሊኪንዮስ ጋር የሚደረገው ነበር። ምልምሎቹ በመርከብ ተጭነው ዓባይን ተከትለው ወደ ሰሜን ወረዱ። ዛሬ ሉክሶር በምትባለው በቴቤስ ሲደርሱም፥ እንዳያመልጡ በወኅኒ ተዘጋባቸው።

በዚያ ምሽት የከተማው ሰዎች ኅብስትና ወጥ ይዘው መጡ። ምልምሎቹን አበሉ፤ ያዘኑትንም አጽናኑ። ጳኩሚስ እነዚህ ሰዎች ሳያውቁን ይህን ያህል የሚያደርጉልን ስለ ምን ነው ብሎ ጠየቀ። ክርስቲያኖች እንደ ሆኑ፥ ይህንም የሚያደርጉት ስለ ሰማይ አምላክ ብለው እንደ ሆነ ነገሩት። ስለ ክርስትና በቅርብ የተረዳው ይህን ብቻ ነበር። በገድሉ ውስጥ በዚያ ወኅኒ ስብከት ያደረገ ሰው አይጠቀስም፤ ምሥጢረ ሥላሴን ያስተማረውም የለም። ትምህርቱ ኋላ፥ በጊዜው መጣ።

እዚህ ላይ ጥቂት እንቆይ፤ ምክንያቱም ዘመኑን ካላወቅን የዚያ ኅብስት ዋጋው አይታወቅም። ዲዮቅልጥያኖስ በ303 ያስነሣው ስደት በላይኛው ግብፅ እጅግ የከፋ ነበር። አውሳብዮስ ዘቂሳርያ በአካባቢው ተገኝቶ በዐይኑ ያየውን ሲጽፍ፥ በአንድ ቀን አንዳንዴ ሠላሳ፥ አንዳንዴ ስድሳ፥ አንዳንዴም እስከ መቶ የሚደርሱ ሰዎች እንደ ተገደሉ፥ ሰያፊዎቹም ደክመው ይፈራረቁ እንደ ነበር ይተርካል። ገሌርዮስ በ311 ሚያዝያ ስደቱ እንዲቆም ቢያውጅም፥ መክሲሚኖስ ወራት ሳይቆይ እንደገና አስነሣው። እኛ ተፍጻሜተ ሰማዕት የምንለው የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ቅዱስ ጴጥሮስ የተሰየፈው በዚያው ዓመት በኅዳር ነው።

እንግዲህ ጳኩሚስና ባልንጀሮቹ የተመለመሉት ለዚያው ለመክሲሚኖስ ሠራዊት ነበር። ምግብ ይዘው ከመጡት መካከል ዘመድ የተሰየፈበት ወይም ወደ ማዕድን ማውጫ የተጋዘበት ሰው አልነበረም ብሎ ማሰብ ያስቸግራል። ደግሞም እነዚያ ወጣቶች ነገ ሰይፍ ታጥቀው በማን ላይ እንደሚላኩ የሚያውቅ አልነበረም። ኅብስት ያመጡት ሰዎች ግን የምልምሎቹን ሃይማኖት መርምረው አማኙን ከማያምነው አልለዩም። ስማቸውን ማንም አልጻፈውም። በስንክሳራችን የመታሰቢያ ቀን የላቸውም፤ የሚታሰቡት በጳኩሚስ ታሪክ ውስጥ በአንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ነው።

ጳኩሚስ በዚያች ሌሊት ለብቻው ገለል ብሎ ለማያውቀው አምላክ ተሳለ፤ ከዚህ መከራ ብታወጣኝ ዕድሜዬን ሁሉ ሰውን አገለግላለሁ አለ። ስእለቱን ልብ እንበል። በረሃ እገባለሁ፥ እመነኩሳለሁ አላለም፤ ምንኩስና ምን እንደ ሆነም ገና አያውቅም። በ313 መክሲሚኖስ ድል ሲሆን ምልምሎቹ ተለቀቁ። ጳኩሚስም ወደ ላይኛው ግብፅ ተመልሶ ሼኔሴት በምትባል መንደር ተጠመቀ። በመንደሩ ወረርሽኝ በገባ ጊዜ ከግራር ጫካ እንጨት እየለቀመ ለታመሙት ይሸከም ነበር። ከዚህ በኋላ ወደ አረጋዊው መናኝ ወደ አባ ጰላሞን ሄዶ ለሰባት ዓመት ያህል በጾም፥ በትጋህና በሥራ ተፈተነ።

በ323 ገደማ ጣቤንሲ በምትባል በተተወች መንደር ተቀምጦ ሰዎችን መሰብሰብ ጀመረ። ብዙ ጊዜ በስብከታችን የምናልፈው ክፍል ከዚህ ይጀምራል። የቆየው የግብፅ ገድሉ እንደሚተርከው፥ መጀመሪያ የመጡት ሰዎች የየራሳቸውን ኑሮ ይዘው፥ ለምግብ ድርሻቸውን ለጳኩሚስ እየሰጡ ይኖሩ ነበር። ምግባቸውን የሚያበስለው፥ እንግዳቸውን የሚቀበለው፥ በሽተኛቸውን የሚያስታምመው እርሱ ነበር። ስእለቱን እየፈጸመ ነውና አልከበደውም። እነርሱ ግን ትሕትናውን አይተው ናቁት። ለአጨዳ ወጥተው ምግብ በአህያ ጭኖ ሲወስድላቸው፥ በልተው ሲያበቁ በአህዮቹ ላይ እየተቀመጡ እየሳቁ ይሄዳሉ፤ ዕቃውን እርሱ በጀርባው ተሸክሞ ይከተላል። ይህን አራትና አምስት ዓመት ታገሠ። በመጨረሻም ሌሊቱን ሲጸልይ አድሮ ሥርዓት አወጣላቸው፤ አንቀበልም ባሉ ጊዜም አሰናበታቸው።

በተማርሁበት በምህንድስና ሙያ፥ ሸክም ሁሉ በአንድ ዓምድ ላይ ያረፈበት ቤት የሚፈርስበት ቀን ብቻ ነው የማይታወቀው። ይህን የምጽፈው በየሰንበቱ ከቅዳሴ በኋላ ወጥ ቤት ገብተው የማያቸው እናቶች፥ ከዓመት ዓመት እነዚያው ጥቂቶች መሆናቸውን እያሰብሁ ነው። እነርሱ አላማረሩም። ጳኩሚስም አላማረረም ነበር፤ ሆኖም ያ ማኅበር አልቆመም። የሚያገለግለው በፍቅር ያገለግላል፥ የሚገለገለው ግን ፍቅርን አይማርም፤ በአህያ ላይ መቀመጥን ይለምዳል እንጂ። እኔም ለብዙ ዓመታት በዚያ አህያ ላይ ከተቀመጡት አንዱ ነበርሁ።

ኋላ የመጡት ወንድሞች ሥርዓቱን ተቀበሉ። የጳኩሚስ ሥርዓት በይበልጥ የሚታወቀው በሥራና በጸሎት ክፍፍሉ ነው፤ ሲመረመር ግን አብዛኛው ያንን የቴቤስ ምሽት በየቀኑ የሚደግም ነው። በበር ላይ እንግዳ የሚቀበል ሰው ይመደባል። ለበሽተኞች የተለየ ቤትና የሚያገለግሏቸው ወንድሞች አሉ፤ ለሌላው የተከለከለው ወይንና መረቅ በዚያ ይፈቀዳል። አገልግሎቱ በየተራ ስለሚዞር ሁልጊዜ የሚያገለግል፥ ሁልጊዜም የሚገለገል የለም። እህቱ ማርያም የመራቻቸው ሴቶች መነኮሳይያትም በዚሁ ሥርዓት ኖሩ። ባረፈበት ጊዜ የወንዶቹ ገዳማት ዘጠኝ ደርሰው ነበር።

ሥርዓቱ ከግብፅ ወጥቶ ራቅ ወዳለ አገር ሄደ። ሄሮኒሞስ በ404 ወደ ላቲን መለሰው። ለእኛ ግን የሚቀርበው ወደ ግእዝ መመለሱ ነው፤ ሥርዓተ ጳኩሚስ በጥንት ዘመን ወደ ግእዝ ከተመለሱት መጻሕፍት አንዱ ሲሆን፥ ዲልማን የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ በ1866 ላይፕሲግ ላይ በማተም ለአውሮፓ አስተዋውቆታል። የግእዙ መጽሐፍ ሦስት ክፍል አለው። በመጀመሪያው ክፍል መልአክ ለጳኩሚስ የሰጠው ትእዛዝ ይነገራል፤ እያንዳንዱ እንደ ኃይሉ ይብላ፥ እንደ ኃይሉም ይሥራ የሚል አሳብ አለበት። ሦስተኛው ክፍል በግእዝ ብቻ የሚገኝ ነው፤ አባቶቻችን የተቀበሉትን ሥርዓት በራሳቸው ቋንቋ እንዳስፋፉት ያሳያል።

ገድለ አረጋዊ ጻድቁ አቡነ አረጋዊ ልብሰ ምንኩስናን ከአባ ጳኩሚስ እንደ ተቀበለ ይናገራል። ዓመት የሚቆጥሩ ሰዎች በሁለቱ መካከል ከመቶ ዓመት የሚበልጥ ርቀት ያያሉ፤ እኔ ወደዚያ ክርክር አልገባም። የምንኩስናችን ሐረግ ከእንጦንስ ወደ መቃርስ፥ ከመቃርስ ወደ ጳኩሚስ መጥቶ ወደ እኛ አገር መግባቱን ግን አባቶቻችን በአንድ ድምፅ ያስተምራሉ። በአንድነት ገዳሞቻችን ደወል ሲደወል አበው በአንድ ማዕድ የሚቀመጡት፥ ለመጣ እንግዳም ከየት ነህ ሳይባል ቆሎና ጠላ የሚቀርብለት በዚሁ ሐረግ ነው። ልጆቻችን ቅዱሱን በስሙ ቢያውቁት መልካም ነው፤ እምነቱ ከየት እንደ ጀመረ ቢያውቁ ደግሞ ይበልጣል።

በ346 በገዳማቱ ወረርሽኝ ገብቶ ብዙ መነኮሳትን ወሰደ። ጳኩሚስም ታመመ። ሰውነቱ ስለ ደከመ የለበሰው ብርድ ልብስ ከበደው፤ ደቀ መዝሙሩን ቴዎድሮስን ቀለል ያለ አሮጌ ልብስ እንዲያመጣለት ለመነው። ቴዎድሮስ ለአባቱ ሳስቶ ከዕቃ ቤት ያማረውን መርጦ አመጣ። ጳኩሚስ ባየው ጊዜ አዘነ፤ ከወንድሞቼ ልለይ አይገባኝም፥ የታመሙት ሁሉ የሚለብሱትን አምጣልኝ ብሎ መለሰው። ቴዎድሮስም ከሌሎቹ ሕሙማን ልብስ ይልቅ ያረጀውን ፈልጎ አለበሰው። በዚያው ሕመም፥ ግንቦት 14 ቀን፥ ዐረፈ።

የአባታችን የአባ ጳኩሚስ በረከት፥ ስማቸው ያልተጻፈ የቴቤስ ክርስቲያኖችም በረከት ይደርብን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።