ብዙ ሞኒተር ያለው ኮምፒውተር

ብዙ ሞኒተር ያለው ኮምፒውተር ማለት ከአንድ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ጋር ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ሞኒተሮች ተገናኝተው ሁሉም በአንድ ኪቦርድና በአንድ ማውስ የሚታዘዙበት አደረጃጀት ነው። ሞኒተሮቹ በሁለት መንገድ ሊሠሩ ይችላሉ። በማባዛት ጊዜ ሁሉም አንድ ዓይነት ምስል ያሳያሉ። በማስፋት ጊዜ ግን ሁለተኛው የመጀመሪያው ቅጥያ ይሆናል፤ ማውሱም ከአንዱ ወደ ሌላው ይሻገራል። አፕል እ.ኤ.አ. በ1987 ያወጣው ማኪንቶሽ 2 ይህን ማድረግ ይችል ነበር፤ በማይክሮሶፍት በኩል ለተራው ተጠቃሚ የደረሰው በዊንዶውስ 98 ነው።

አገልግሎት

ጥቅሙ ጎልቶ የሚታየው አንዱን እያዩ ሌላውን በሚጽፉበት ሥራ ላይ ነው። ተርጓሚ ምንጩን በአንዱ፣ አማርኛውን በሌላው ይከፍታል። በጽሕፈትና ኮፒ ቤት ሁለተኛውን ሞኒተር ወደ ደንበኛው አዙሮ ማባዛት፣ ባለጉዳዩ ስሙና የአባቱ ስም በትክክል መጻፉን ማመልከቻው ሳይታተም እንዲያይ ያስችለዋል፤ ወረቀትና ቀለምም ይተርፋል።

ለብራና ጥናትም ይረዳል። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራናዎች ማይክሮፊልም ቤተ መጻሕፍት ያስነሣቸው መጻሕፍት ቅጂ በአሜሪካ ሚኒሶታ በሚገኘው ሂል ሙዚየምና የብራና ቤተ መጻሕፍት ይገኛል፤ ብዙዎቹም በኢንተርኔት ይታያሉ። የአንድን ድርሰት ሁለት ቅጂዎች ቃል በቃል ማስተያየት በአንድ ጠባብ ሞኒተር አድካሚ ነው። (በቅኔ ቤቷ የታወቀችው ዋድላ ግን ሞኒተርም ወረቀትም ሳያሻት ቅኔን በቃል ስታስተምር ኖራለች።)

ሶኬትና ገመድ

በኢትዮጵያ በተለምዶ «ሲፒዩ» የሚባለው ሳጥኑ ነው፤ ሲፒዩ በትክክለኛ ትርጉሙ ግን በውስጡ ያለው ፕሮሰሰር ነው። እዚህ ላይ ልዩነቱ ቁም ነገር አለው። ግራፊክስ ካርድ በሌለው ኮምፒውተር ስንት ሞኒተር እንደሚቻል የሚወስነው በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው የግራፊክስ ክፍል እንጂ የሳጥኑ ትልቅነት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው የኢንቴል ኮር ሁለተኛ ትውልድ ሁለት ሞኒተር ይችላል፤ በ2012 የተከተለው ሦስተኛው ትውልድ፣ ሳጥኑ ተገቢ ሶኬቶች ካሉት፣ እስከ ሦስት ይደርሳል። ስለዚህ ያገለገለ የቢሮ ኮምፒውተር የገዛ ሰው ለሁለት ሞኒተር ሲል ብዙ ጊዜ ካርድ መግዛት አያስፈልገውም።

ችግር የሚበዛው ሶኬቱ ላይ ነው። ከ1987 ጀምሮ ያለው ባለ 15 እግር ቪጂኤ አናሎግ ሲሆን ኤችዲኤምአይና ዲስፕሌይፖርት ዲጂታል ናቸው። ቪጂኤ ብቻ ያለውን ሞኒተር ከዲጂታል ሶኬት ጋር ለማገናኘት በውስጡ ቺፕ ያለው ኮንቨርተር ያስፈልጋል፤ ጫፉ ብቻ የተለያየ ተራ ገመድ አይሠራም። አቅጣጫም አለ። ከኮምፒውተሩ ዲስፕሌይፖርት ወደ ሞኒተሩ ኤችዲኤምአይ የሚሠራው ርካሽ ገመድ፣ ተገልብጦ ከኮምፒውተሩ ኤችዲኤምአይ ወደ ሞኒተሩ ዲስፕሌይፖርት ቢሰካ ምስል አይሰጥም። ከመግዛት በፊት የኮምፒውተሩንና የሞኒተሩን ጀርባ በስልክ ፎቶ አንስቶ ወደ ሱቅ መሄድ ይሻላል። በሰሜን ወሎ የዋድላ ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው ኮን ሆኖ ዕቃ ከወልዲያ ወይም ከደሴ ለሚያስመጣ ሰው የተሳሳተ ገመድ ማለት ሌላ የመኪና ጉዞ ማለት ነው።

ግራፊክስ ካርድ ከተጨመረ ሁሉም ሞኒተሮች ከካርዱ ይሰኩ። ብዙ ኮምፒውተሮች ካርድ ሲያገኙ የማዘርቦርዱን ሶኬቶች ስለሚዘጉ ደህናው ሞኒተር የተበላሸ ይመስላል።

አደራደር

በዊንዶውስ 7 እና ከዚያ በኋላ በመጡት የዊንዶውስ ቁልፍን ከፒ ጋር መጫን የማባዛትና የማስፋት ምርጫን ያመጣል። ከዚያ በማሳያ ማስተካከያው ውስጥ 1 እና 2 ተብለው የሚታዩት ሳጥኖች ሞኒተሮቹ በጠረጴዛው ላይ እንደተቀመጡት ተጎትተው ይደረደራሉ። ካልተደረደሩ ማውሱ ወደ ቀኝ ሲገፋ በግራ በኩል ይወጣል። ሊኑክስም ተመሳሳይ ማስተካከያ አለው።

መብራት ሲጠፋ

የኢትዮጵያ የቤት ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ነው። ባለ 22 ወይም 24 ኢንች ኤልኢዲ ሞኒተር አብዛኛውን ጊዜ ከ20 እስከ 30 ዋት ስለሚወስድ ሁለተኛው በቆጣሪ ላይ የሚጨምረው ትንሽ ነው። በዩፒኤስ ላይ ግን ሒሳቡ ሌላ ነው። በትናንሽ ዩፒኤሶች በብዛት የሚገኘው ባትሪ 12 ቮልት፣ 7 አምፔር ሰዓት ነው፤ ይህ በወረቀት ላይ 84 ዋት ሰዓት ሲሆን በፍጥነት ሲወጣ የሚሰጠው ከዚያ በብዙ ያንሳል። 60 ዋት የሚወስድ ኮምፒውተር ከአንድ ባለ 25 ዋት ሞኒተር ጋር 85 ዋት፣ ከሁለት ጋር 110 ዋት ይሆናል። ሥራን ለማስቀመጥ የቀረው ጊዜ በሩብ ገደማ ያጥራል ማለት ነው።

መብራት ቶሎ ቶሎ በሚጠፋበት ቦታ ኮምፒውተሩንና ዋናውን ሞኒተር ከዩፒኤስ፣ ሁለተኛውን በቀጥታ ከግድግዳ ማገናኘት ጥሩ ብልሃት ነው። አንድ ጣጣ አለው። ኮምፒውተሩ የጠፋውን ሞኒተር፣ በተለይ በቪጂኤ የተገናኘ ከሆነ፣ አሁንም እንዳለ ሊቆጥረው ይችላል፤ ያልተቀመጠው ጽሑፍ በጨለማው ሞኒተር ላይ ይቀራል። ያን ጊዜ መስኮቱን በኦልትና ታብ መርጦ፣ የዊንዶውስ ቁልፍን፣ ሺፍትንና የቀኝ ወይም የግራ ቀስትን አንድ ላይ በመጫን ወደሚበራው ማምጣት ይቻላል። መብራት ሲመለስ ቮልቴጁ ሊዋዥቅ ስለሚችል፣ ከዩፒኤስ ውጭ ያለው ሞኒተር ስታቢላይዘር ከሌለው ተነቅሎ ቢቆይና ኃይሉ ሲረጋጋ ቢሰካ ይመረጣል።