የስብስብ ጥልቀት፦ ከድራፍት ክርክር ጀርባ ያለው ቃል

የአሜሪካ ፉትቦል ወዳጆች በየዓመቱ ሚያዝያ ላይ ክርክራቸው ይጦፋል። ቡድናችን ማንን ይምረጥ? ክፍተቱ የት ነው? በዚህ ክርክር ውስጥ ሳይነሳ የማይቀር ቃል «ዴፕዝ» ነው። ዋሽንግተንና አካባቢዋ ያደጉ የእኛ ልጆችም አማርኛ እያወሩ ቃሉን እንዳለ በእንግሊዝኛው ይሉታል። አማርኛው ግን ሩቅ አይደለም። የስፖርት ጋዜጠኞቻችን ስለ አውሮፓ እግር ኳስ ሲዘግቡ «ቡድኑ የስብስብ ጥልቀት የለውም» ማለት ከጀመሩ ቆይተዋል። ይኸው አጠራር ለአሜሪካው ፉትቦልም ይሠራል፤ ትርጉሙ ግን እዚያ ጠበቅ ይላል።

በእግር ኳስ የስብስብ ጥልቀት ሲባል ጥሩ ተቀያሪዎች ያሉት ቡድን ማለት ነው። አማካዩ ቢጎዳ የመስመር ተጫዋቹ ወደ መሐል ገብቶ ሊሸፍነው ይችላል። በአሜሪካ ፉትቦል እንዲህ ያለ መሸፋፈን ብዙም የለም። ኳርተርባክ፣ ማለትም ጨዋታውን የሚመራውና ኳሷን የሚወረውረው ሰው ሲጎዳ፣ ከፊቱ ቆመው ከሚከላከሉለት አምስት ግዙፍ ሰዎች አንዱም ሊተካው አይችልም። ስለዚህ ጥልቀት የሚለካው በየቦታው ነው። እያንዳንዱ ቡድን ለየቦታው አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ብሎ ተጫዋቾቹን በደረጃ ያስቀምጣል፤ እንግሊዝኛው «ዴፕዝ ቻርት» የሚለውን ይህን ዝርዝር «የተተኪዎች ሰሌዳ» ብንለው ሥራውን ይነግረናል። «ተጠባባቂ» ከማለት «ተተኪ» የሚሻለው ሰውየው ማንን እንደሚተካ አስቀድሞ ስለሚታወቅ ነው።

ቁጥሩም ጠባብ ነው። አንድ ቡድን በውድድር ዘመኑ የሚይዘው 53 ተጫዋቾችን ነው። ለማጥቃት 11፣ ለመከላከል ሌላ 11፣ በእግር ለሚመታ ኳስ ደግሞ ሦስት ልዩ ባለሙያዎች ሲቀነሱ ለተተኪነት የሚተርፉት 28 ያህል ናቸው። ለልምምድ ብቻ የሚያዙ 16 ሰዎች ቢኖሩም የተሻሉት ቀድመው ከ53ቱ ውስጥ ገብተዋል። ሀብታም ባለቤት እንዳሻው ገንዘብ በትኖ ክፍተቱን እንዳይሞላ ለሁሉም ቡድን እኩል የሆነ የደመወዝ ጣሪያ አለ። ጥልቀት የሚገነባው እንግዲህ በርካሽ ደመወዝ ለአራት ዓመት በሚፈርሙ ወጣቶች ነው፤ እነዚህ ወጣቶች የሚገኙት ደግሞ በድራፍት ነው።

ድራፍት ሲባል አዲስ አበባ ላይ ቀድሞ የሚታሰበው ቢራው ስለሆነ «የተራ በተራ ምልመላ» የሚለው ይገልጸዋል። ባለፈው ዓመት መጨረሻ የወጣው ቡድን ከዩኒቨርሲቲ ተጫዋቾች መካከል መጀመሪያ ይመርጣል፤ ሻምፒዮኑ በስተመጨረሻ ይመርጣል፤ እንዲህ እየተባለ ሰባት ዙር ይኬዳል። ሐሳቡን ያመነጨው የፊላዴልፊያው ቡድን ባለቤት በርት ቤል ሲሆን፣ የመጀመሪያው ምልመላ የተካሄደው በዚያችው ከተማ በ1936 (እ.ኤ.አ.) ነበር። ቡድኖች ተራቸውን መለዋወጥ ይችላሉ። የዛሬን ተራ ለማግኘት የከርሞንና ከዚያም ወዲያ ያለውን አሳልፎ መስጠት ይቻላል። የክርክሩ ሁሉ እሳት ያለው እዚህ ላይ ነው።

የዋሽንግተን ቡድን (ዛሬ ኮማንደርስ የሚባለው) በ2012 ያደረገው ነገር ለዚህ ቃል ከማውቃቸው ምሳሌዎች ሁሉ ይበልጣል። ቡድኑ ሮበርት ግሪፈንን ፈለገ። ግሪፈን የቤይለር ዩኒቨርሲቲ ኳርተርባክና የ2011 የሃይዝማን ሽልማት (የዓመቱ ምርጥ የዩኒቨርሲቲ ተጫዋች ሽልማት) አሸናፊ ነበር። እሱን ለማግኘት ሁለተኛ ሆኖ መምረጥ ያስፈልግ ስለነበር፣ ዋሽንግተን የዚያን ዓመት የመጀመሪያና የሁለተኛ ዙር ተራውን፣ በዚያ ላይ የ2013ንና የ2014ን የመጀመሪያ ዙር ተራ ለሴንት ሉዊስ ራምስ ሰጠ። ልውውጡ በተደረገበት ወር ሊጉ ቀደም ባለ የደመወዝ ውል ምክንያት ከቡድኑ ጣሪያ ላይ በሁለት ዓመት 36 ሚሊዮን ዶላር ቀነሰበት። ተተኪ የሚገኝባቸው ሁለቱም በሮች ባንድ ጊዜ ጠበቡ ማለት ነው።

በምልመላው ዕለት ዋሽንግተን ግሪፈንን መረጠ። አራተኛው ዙር ላይ ሲደርስ፣ 102ኛው ተራ ላይ፣ ሌላ ኳርተርባክ መረጠ፤ ከሚሺጋን ስቴት የመጣውን ከርክ ከዝንስን። ደጋፊው ግራ ተጋባ። ብዙ ተራ የተሸጠለት ልጅ እያለ፣ ከቀሩት ጥቂት ዕድሎች አንዱን በዚያው ቦታ ላይ ማባከን ምን ይባላል? ሌላ ቦታ የሚሞላ ክፍተት አልነበረም ወይ? ተቃውሞው መሠረት ነበረው። እኔ ግን የአሰልጣኝ ማይክ ሻናሃን ውሳኔ ያኔም ዛሬም ትክክል ነበር እላለሁ፤ ሮጦ የሚጫወት ኳርተርባክ ብዙ ይመታል፣ ብዙ የሚመታ ሰው ደግሞ ተተኪ ያስፈልገዋል።

ታኅሣሥ 9 ቀን 2012 (እ.ኤ.አ.) ባልቲሞር ወደ ላንዶቨር፣ ሜሪላንድ መጥቶ ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው 28 ለ20 ይመራል። ግሪፈን ሲሮጥ ሃሎቲ ንጋታ የሚባለው ግዙፍ ተከላካይ ቀኝ ጉልበቱን ይመታዋል። ለመቀጠል ሞክሮ አልቻለም፤ ወጣ። የገባው ከዝንስ ነው። 29 ሰከንድ ሲቀር ለፒየር ጋርሶን ባለ 11 ያርድ ኳስ ወርውሮ ስድስት ነጥብ አስገኘ። ለአቻነት የሚያስፈልገውን ሁለት ነጥብ ራሱ ሮጦ አስገባ። ዋሽንግተን በተጨማሪ ሰዓት 31 ለ28 አሸነፈ። በሳምንቱ ክሊቭላንድ ላይ ከመጀመሪያው ጀምሮ ተሰልፎ 38 ለ21 አሸነፈ። ቡድኑ ዓመቱን በ10 ድልና በ6 ሽንፈት ጨርሶ የምድቡ አንደኛ ሆነ፤ ይህ ከ1999 ወዲህ ያላገኘው ነው። በዚያው ምልመላ በስድስተኛው ዙር የተመረጠው አልፍሬድ ሞሪስም ኳስ ይዞ በመሮጥ 1,613 ያርድ ሸፍኗል። ስድስተኛ ዙር ላይ ስለተመረጡ ልጆች ሚያዝያ ላይ ብዙ ሰው አያወራም፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ጨዋታ የሚያሸንፉት ግን ብዙ ጊዜ እነሱ ናቸው።

የተሸጠው ተራ ዋጋ በኋላ መጣ። ግሪፈን በጥር 2013 ከሲያትል ጋር በተደረገ ጨዋታ ያንኑ ጉልበቱን ክፉኛ ተጎዳና ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ቡድኑ በ2013 ሦስት ጊዜ ብቻ አሸነፈ፤ ለዚያ ውድቀት ማካካሻ የሚሆነው ሁለተኛ ተራ ደግሞ ቀደም ብሎ የራምስ ሆኗል። በታኅሣሥ 2014 ራምስ ላንዶቨር ሲመጣ በሳንቲም ዕጣ ላይ አምበል ሆነው የወጡት ስድስት ተጫዋቾች ሁሉም ከዚያ ልውውጥ የተገኙ ነበሩ። ጨዋታውን ራምስ 24 ለ0 አሸነፈ።

ያን ምስል ያየ ሁሉ «አሸናፊው ራምስ ነው» ብሎ ነበር። እዚህ ላይ ግን ቃሉን በጥንቃቄ መያዝ ይገባል። የስብስብ ጥልቀት የተጫዋች ብዛት አይደለም። ራምስ ከ2012 እስከ 2016 ባሉት ዓመታት በአንዱም ከሽንፈቱ የበለጠ ድል አላገኘም። ኳርተርባኩ ሳም ብራድፎርድ በ2013 ጉልበቱ ተጎዳ፤ በ2014 ውድድሩ ሳይጀመር ያው ጉልበት ደገመው። በሌላው ቦታ ሁሉ ወጣት የሞላው ቡድን ወሳኙ ቦታ ላይ በቂ ተተኪ አልነበረውም። ዋሽንግተን ግን በአራተኛው ዙር ያገኘውን ከዝንስን በ2015 ዋና አድርጎ ምድቡን በድጋሚ አሸነፈ።

ስለዚህ ሚያዝያ ላይ ስንከራከር «ቡድኑ ጥልቀት አለው» ለሚል ሰው የሚመለስለት ጥያቄ «የት ቦታ?» የሚል ነው። በተተኪዎች ሰሌዳ ላይ ሁለተኛው ስም ማን ነው? ስንት ጨዋታ ተሰልፎ ያውቃል? ውሉ መቼ ያልቃል? «ያለውን ምርጥ ተጫዋች ውሰዱ» እና «ክፍተቱን ሙሉ» በሚሉት ሁለት ወገኖች መካከል ያለው ጠብ በነዚህ ጥያቄዎች ሲመዘን ብዙ ጊዜ ይረግባል። የዛሬ ዓመት ውሉ የሚያልቅ ተጫዋች ባለበት ቦታ ምርጡን መውሰድ ክፍተት መሙላትም ነውና።

ዋሽንግተን በ2024 እንደገና ሁለተኛ ተራ ደረሰው፤ በዚህ ጊዜ ግን በራሱ ተራ ጄደን ዳንኤልስን መረጠ፣ የከርሞውንም የመጀመሪያ ዙር ለዚያ ብሎ አልሸጠም። ከምልመላው በፊት ደግሞ ልምድ ያለውን ማርከስ ማሪዮታን አስፈርሞ ነበር፤ እሱም በ2015 ሁለተኛ ሆኖ የተመረጠ ኳርተርባክ ነው። በጥቅምት ዳንኤልስ ካሮላይና ላይ ገና በጨዋታው መጀመሪያ ጎድኑን ተጎድቶ ወጣ። ማሪዮታ ገባ፤ ቡድኑ 40 ለ7 አሸነፈ።