ዜና ቀነኒሳ፤ በሣር፣ በመምና በአስፋልት የሮጠው

በ1974 ዓ.ም.፣ በዘመነ ማርቆስ፣ ሰኔ 6 ቀን ቀነኒሳ በቀለ በአርሲ በበቆጂ ተወለደ። በቆጂም አስቀድማ ደራርቱ ቱሉን ያፈራች አገር ናት።

ቀነኒሳም አድጎ አዲስ አበባ ገባ። በከተማይቱ ዙሪያ በአምቦ መንገድ ቡራዩ፣ በጅማ መንገድ ሰበታ፣ በጎጃም መንገድ ከእንጦጦ ማዶ ሱሉልታ አሉ። ሯጮች ማልደው በሱሉልታ ሜዳ ይሮጣሉ፤ ለረጅሙ የአስፋልት ልምምድ ደግሞ ወደ ሰበታ ይወርዳሉ። ሱሉልታ ደጋ ናትና አየሯ ስስ ነው፤ በዚያ የሠለጠነ ሰው ዝቅ ካለ አገር ሲወርድ ትንፋሹ ይበረክትለታል።

በ1994 ዓ.ም. በደብሊን የዓለም አገር አቋራጭ ውድድር፣ ቀነኒሳ አጭሩንና ረጅሙን ርቀት በሁለት ተከታታይ ቀን አሸነፈ። እንዲሁም እስከ 1998 ዓ.ም. አምስት ዓመት ሳያቋርጥ አደረገ። ከወንዶች ይህን አንድ ጊዜ እንኳ ያደረገ ሌላ የለም።

በ1996 ዓ.ም.፣ በዘመነ ዮሐንስ፣ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ የያዛቸውን የ5,000 እና የ10,000 ሜትር ክብረ ወሰኖች በስምንት ቀን ልዩነት ሰበረ። በነሐሴም በአቴንስ ኦሎምፒክ በ10,000 ሜትር ወርቅ ወሰደ።

በ1997 ዓ.ም. ታኅሣሥ 26 ቀን ግን ታላቅ ኀዘን ሆነ። የዓለም ታዳጊዎች የ1,500 ሜትር ሻምፒዮን የነበረች እጮኛው ዓለም፣ አብራው ልምምድ ስትሠራ ሳለ ዐረፈች። እርሱም በኀዘኑ ሳለ በመጋቢት ፈረንሳይ ሄዶ የአገር አቋራጩን ሁለቱንም ርቀት ዳግመኛ አሸነፈ፤ ነሐሴ 20 ቀንም በብራስልስ 10,000 ሜትርን በ26 ደቂቃ ከ17.53 ሰከንድ ሮጦ የራሱን ክብረ ወሰን አሻሻለ።

በ1999 ዓ.ም. የሞምባሳ ሙቀት አሸንፎት የአገር አቋራጩን ውድድር አቋረጠ። በዓመቱ በኤደንብራ፣ ገና ሩጫው ሳይርቅ ጫማው ከእግሩ ወለቀ። ሌሎቹ ሲያልፉት ቆሞ፣ ጎንበስ ብሎ አጠለቀው፤ ከዚያም አንድ በአንድ እየደረሰባቸው ቀደማቸውና አሸነፈ። ይህም በአዋቂዎች ውድድር ለብቻው ያገኘው 11ኛው የዓለም አገር አቋራጭ ወርቅ ነው። በነሐሴ 2000 ዓ.ም. በቤጂንግ ኦሎምፒክ፣ በነሐሴ 2001 ዓ.ም. በበርሊን የዓለም ሻምፒዮና በ5,000ም በ10,000ም ድል አደረገ።

ከዚህ በኋላ ጉዳት ጸናበት፤ ብዙዎችም ዘመኑ አለፈ አሉ። እርሱ ግን ወደ ማራቶን ተሻገረ፤ በ2006 ዓ.ም. በፓሪስ በመጀመሪያ ማራቶኑ አሸነፈ። በ2012 ዓ.ም. መስከረም 18 ቀንም በበርሊን 2 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ከ41 ሰከንድ ገባ፤ ከዓለም ክብረ ወሰን የቀረው 2 ሰከንድ ብቻ ነበር።

የ5,000 እና የ10,000 ሜትር ክብረ ወሰኖቹን ኡጋንዳዊው ጆሹዋ ቼፕቴጌ በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. ሰበራቸው። በሩጫ ባገኘው ገንዘብ በሱሉልታ ያሠራው የመሮጫ መም ግን ዛሬም ለተተኪዎቹ ያገለግላል። እናንተ በሱሉልታ፣ በሰበታና በቡራዩ ማልዳችሁ የምትሮጡ ልጆች ሆይ፣ የወለቀ ጫማውን አጥልቆ ያሸነፈውን ሰው ታሪክ እወቁ፤ ለታናናሾቻችሁም ንገሩ።