ጸጥተኛው ሕፃን

ወጣት አንባቢዎቼ ሆይ፤ ምንም እንኳ አባትና እናት ለመሆን ገና ጊዜ ያላችሁ ብትሆኑ፥ ዛሬ ስለ ስድስት ወር ሕፃን ልጽፍላችሁ አስቤአለሁ። ይህ የሴቶች ጉዳይ ነው ብሎ ገጹን የሚገለብጥ ጐልማሳ ቢኖር ጥቂት ይታገሠኝ። እኔም በእርሱ ዕድሜ ሳለሁ እንዲሁ አስብ ነበርና፤ ያስከፈለኝም ዋጋ ቀላል አልነበረም።

የመጀመሪያው ልጄ የተወለደው በ1978 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ እኔም ባለቤቴም መምህራን ነበርን። የተማርሁት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሲሆን፥ ከዚያ ይዤ ከወጣኋቸው መጻሕፍት መካከል ስለ ሕፃናት አያያዝ የምትናገር አንዲት ቀጭን መጽሐፍ ነበረችኝ። ሕፃን በሰዓት ብቻ እንዲጠባ፥ ሲያለቅስ እንዳይነሣ፥ እንዳይታዘል፥ ለብቻውም በንጹሕ አልጋ እንዲተኛ ታዝዝ ነበር። አሳቡ የዚያች መጽሐፍ ብቻ አልነበረም። በአሜሪካ ስመ ጥር የነበረው የሥነ ልቡና ምሁር ጆን ዋትሰን በ1928 ባሳተመው መጽሐፍ (የውጭ አገሩን ዓመት ሁሉ የምጽፈው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው) ወላጆች ልጆቻቸውን እንዳያቅፉና እንዳይስሙ፥ ጠዋት ጠዋት እጃቸውን ብቻ እንዲጨብጧቸው መክሮ ነበር። ልጅን እንደ እንግዳ መጨበጥ! ዛሬ ያስቃል። ያን ጊዜ ግን ሳይንስ ይባል ነበር፤ እኔ ደግሞ ሳይንስ የተባለውን ሁሉ በሁለት እጄ የምቀበል ሰው ነበርሁ።

እኛ ለትምህርት ስንወጣ ልጁን የምትጠብቀው ከገጠር የመጣች ልጅ እግር ሞግዚት ነበረች። ልታዝለው ስትል ከለከልኋት። «እንዳታለምጂው» አልኋት። ምስኪኒቱ አንቀልባውን አጥፋ አስቀመጠችው።

በምግብ በኩል የጐደለ ነገር አልነበረም። ስድስተኛው ወር ሲገባ ከእናቱ ጡት ጋር ፋፋ ጀመርንለት። ፋፋ ማለት፥ የማታውቁት ብትኖሩ፥ ከስንዴ፥ ከጥራጥሬና ከደረቅ ወተት የተዘጋጀ የሕፃናት ዱቄት ሲሆን፥ ያወጣውም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1962 በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ትብብር አዲስ አበባ ላይ የተቋቋመው የሕፃናት ምግብ ጥናት ክፍል ነው። የእናት ጡት ብቻውን ከስድስት ወር በኋላ እንደማይበቃ ለብዙ የአገራችን እናቶች ያስተማረ ሥራ ነውና ምስጋና ይገባዋል። ልጄም በሚዛን ላይ ሲወጣ ክብደቱ ያማረ ነበር። የማያለቅስና የማያስቸግር ስለ ነበረም ጐረቤቶቻችን «እንዴት ያለ ጸጥተኛ ልጅ ነው!» ይሉን ነበር፤ እኔም ደስ ይለኝ ነበር።

በሰባተኛው ወር እናቴ ከባላገር ልትጠይቀን መጣች። በአልጋው ላይ ጐንበስ ብላ ብዙ ጊዜ ተመለከተችው፤ እርሱ ግን ጣራውን እንጂ እርስዋን አላየም። ብድግ ስታደርገው ከኋላ በኩል የራሱ ፀጉር ተመልጦ፥ ራሱም ጠፍጠፍ ብሎ አየች። «ልጄ፥ ይህ ልጅ ማንን ይይ?» አለችኝ። የምመልሰው አጣሁ። የተኛበትን የጥጥ ፍራሽ ፀሐይ ላይ ላሰጣው ሳነሣ፥ በመካከሉ በገላው ልክ የሰረጐደ ጉድጓድ አገኘሁ።

ያ ጉድጓድ ምን እንደ ሆነ የተረዳሁት ከብዙ ዓመት በኋላ፥ ለተጨማሪ ትምህርት ሄጄ በቤተ መጻሕፍት የሬኔ ስፒትዝን ጥናት ሳነብ ነው። ስፒትዝ በቪዬና የተወለደ ሐኪም ነው። በ1945 ባወጣው ጽሑፍ ሕፃናት የሚያድጉባቸውን ሁለት ቤቶች አስተያየ። አንደኛው በእስር ላይ ያሉ ወጣት እናቶች ልጆቻቸውን ራሳቸው የሚያሳድጉበት ክፍል ነው። ሁለተኛው የተጣሉ ሕፃናት ማሳደጊያ ሲሆን፥ ንጹሕና ሐኪም የማይለየው፥ ምግቡም የተመረጠ ነበር። ነገር ግን አንዲት አስታማሚ ስምንት ያህል ሕፃናት ትይዝ ነበር፤ በየአልጋው ዙሪያም አንሶላ ስለሚንጠለጠል ሕፃኑ ከጣራ በቀር የሚያየው አልነበረም።

ስፒትዝ የሕፃናቱን ዕድገት በመለኪያ መዘነው፤ 100 ማለት ልጁ በዕድሜው ልክ አድጓል ማለት ነው። በማሳደጊያው ያሉት በመጀመሪያዎቹ አራት ወራት 124 ነበሩ፤ በዓመቱ መጨረሻ ግን 72 ሆኑ። የእስረኞቹ ልጆች 101 ከግማሽ ነበሩ፤ ዓመቱ ሲያልቅ 105 ደረሱ። በማሳደጊያው ከነበሩት 91 ሕፃናት መካከል በሁለት ዓመት ውስጥ 34ቱ ሞቱ። እርሱ በተመለከታቸው ዘመን ሁሉ ከእስረኞቹ ልጆች አንድ እንኳ አልሞተም። በኋላ የተነሡ ሊቃውንት አሠራሩን በብዙ ነቅፈውታል፤ ነቀፋቸውም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሆኖም ጆን ቦልቢ በ1951 ለዓለም የጤና ድርጅት ባቀረበው ዘገባ ዋናውን ነገር አጸናው።

እኔን ግን ከቍጥሩ ይልቅ ያስደነገጠኝ አንድ አንቀጽ ነው። ሕፃናቱ ለብዙ ወራት በጀርባቸው ስለሚተኙ ፍራሹ ይጐደጕዳል፤ በሰባተኛው ወር ግድም፥ ሕፃን ወደ ጐኑ መገልበጥ በሚጀምርበት ጊዜ፥ ያ ጉድጓድ ይዞ አያገላብጣቸውም ይላል። መጽሐፉን ዘግቼ ወደ ውጭ ወጣሁ።

እናቴ ያን ዕለት ያደረገችውን ልንገራችሁ። ጋቢዋን ጠቅልላ እንደ ማቶት ክብ አድርጋ ወለሉ ላይ አኖረችው፤ ልጁንም በመካከሉ አስቀመጠችው። ሲዘነብል ትደግፈዋለች፤ ፊቱን ወደ ፊቷ አዙራ በስሙ ትጠራዋለች። መጀመሪያ ዝም አለ። በሦስተኛው ቀን ጻሕል ሲንኳኳ ዞር አለ። ከሳምንት በኋላ እናቴ ከክፍሉ ስትወጣ አለቀሰ፤ እርስዋም «እሰይ» አለች፤ እኔ ስለምን እሰይ እንዳለች አልገባኝም ነበር። ለካ ልጁ የሚናፍቀው ሰው አግኝቶ ኖሯል። ሞግዚቲቱም ሳትጠይቀኝ አንቀልባውን አወጣች።

ይህን ጥበብ በማስረጃ የጻፈ ሰው የተገኘው በጐረቤታችን በኬንያ ነው። ከእርሱ በፊት አንዳንድ አውሮፓውያን ሐኪሞች የአፍሪቃ ሕፃናት ቶሎ የሚቀመጡት በተፈጥሮ ነው ይሉ ነበር። ቻርልስ ሱፐር ግን ኮክዌት በሚባል የኪፕሲጊስ ቀበሌ ተቀምጦ እናቶችን ተመለከተ፤ ያየውንም በ1976 አሳተመ። ሕፃኑ አምስት ስድስት ወር ሲሆነው እናቲቱ መሬት ላይ ትንሽ ጉድጓድ ትቈፍርና ጀርባው እንዲደገፍ በውስጡ ታስቀምጠዋለች፤ ወይም ብርድ ልብስ ትከብበዋለች። በዚህ ምክንያት ልጆቹ ከአሜሪካ ልጆች አንድ ወር ያህል ቀድመው ይቀመጣሉ። እናቶቹ በማያስተምሯቸው ነገር ግን አይቀድሙም። እንግዲህ ይህኛውም ጉድጓድ ነው፤ የተቈፈረው ግን በእናት እጅ፥ ልጅን ለማስነሣት ነው።

ልጄ የተቀመጠው ዘጠነኛ ወሩን ሊጨርስ ሲል ነው። በእግሩም ዘግየት ብሎ ሄደ፤ እንደ ማንኛውም ልጅ ግን ሮጠ፥ ወደቀ፥ ተማረ። ዛሬ የስድስት ወር ሴት ልጅ አለችው፤ ጩኸቷ መንደሩን ያውካል። ባለፈው እሑድ ልትቀመጥ ስትታገል አብረን እያየናት «አባባ፥ እኔስ ምን ዓይነት ሕፃን ነበርሁ?» ብሎ ጠየቀኝ። «ጸጥተኛ ነበርህ» አልሁት። የቀረውን ይህን ሲያነብ ያገኘዋል።