ወረንጦና የዓይን ቆብ

አገር ቤት ሳሉ አንዲት እናት ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ሽፋሽፍታቸውን በወረንጦ ሲነቅሉ አይተው ይሆናል። ሕመሙ ትራኮማ፣ በአገራችን አጠራር የዓይን ማዝ ነው። በልጅነት ይጀምራል፤ በእጅ፣ በጨርቅና በዝንብ ይዛመታል። ደጋግሞ ሲይዝ የቆቡ ውስጥ ይጠባሰላል፤ ቆቡ ወደ ውስጥ ይታጠፍና ፀጉሩ ብሌኑን ይቧጭራል። ዓይን የሚጠፋው ከዚህ የተነሣ ነው።

አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1897 ትራኮማን ከአደገኛ ተላላፊ በሽታዎች መድባው ነበር። በኤሊስ ደሴት ሐኪሞች የመጤውን የዓይን ቆብ፣ የጫማ ቁልፍ በሚቆለፍበት ቆልማማ ሽቦ ሳይቀር እየገለበጡ ያዩ ነበር። ሕመሙ የተገኘባቸው ብዙዎች ወደ መጡበት ተመልሰዋል። በርባንክ አውሮፕላን ማረፊያ ታክሲዬ ውስጥ ተራ ስጠብቅ አስባለሁ፤ ያ ምርመራ እኛን ቢጠብቀን ስንቶቻችን እናልፍ ነበር?

ነገሩ ቀልድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2006 በተጠናቀቀው አገር አቀፍ ጥናት፣ በአማራ ክልል ከ1 እስከ 9 ዓመት ካሉት ልጆች ከመቶ ከ60 የሚበልጡት ታመው ተገኝተዋል። ከዚያ ወዲህ አዚትሮማይሲን የተባለው መድኃኒት በዘመቻ ታድሏል።

ስልክ ሲደውሉ እናትዎ «ዓይኔን ይወጋኛል» ካሉ ወረንጦ አይላኩላቸው፤ የተነቀለው ፀጉር ተመልሶ ይበቅላል። የታጠፈውን ቆብ የሚያቃና አጭር ቀዶ ጥገና፣ በማደንዘዣ መርፌ፣ በጤና ጣቢያም ይሠራል።