የመንገደኛ ማጓጓዣ ውል (ሐዋሳ መናኸሪያ)

በአውቶቡስ ተሳፋሪና በአጓጓዥ መካከል የሚደረግ የንግድ ውል። ከሐዋሳ መናኸሪያ በሻሸመኔ በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ ሰው ትኬት ቆርጦ፣ ሻንጣውን ለረዳቱ አስረክቦ ወንበሩን ሲይዝ ተዋውሏል። ውሉ ዛሬም የሚገዛው በ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ ነው፤ በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ ሕግ የማጓጓዣውን ክፍል አልተካም። አንቀጽ 597 ለአንድ መንገደኛ የሚከፈለውን ካሳ በ40,000 ብር ይገድባል። ከስልሳ ዓመት በፊት የተተመነው ይህ ገንዘብ አባወራውን ላጣ ቤተሰብ ፍትሕ ሊባል አይችልም። አጓጓዡ ወይም ሠራተኛው ጉዳት እንደሚደርስ እያወቀ ማጥፋቱ ከተረጋገጠ ግን ገደቡ ይነሳል (አንቀጽ 599)፤ ስለዚህ የሹፌሩ አነዳድ ዋና የክርክር ነጥብ ይሆናል። በአንድ አደጋ የተጎዱና ጥቅማቸው አንድ የሆነ መንገደኞች በ1958 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 38 መሠረት በፍርድ ቤት ፈቃድ በተወካይ መክሰስ ይችላሉ። የፌዴራል ሰበር ሰሚ ችሎት የሚሰጠው የሕግ ትርጉም የሲዳማ ክልል ፍርድ ቤቶችንም ያስገድዳል።