ከጂንካ ወደ ሃና የሚወስደው መንገድ ታሪክ

የአንድ አገር ታሪክ በነገሥታት ዜና መዋዕል ብቻ የሚገኝ አይደለም፤ መንገድም የራሱ ታሪክ አለው። ከአዲስ አበባ ወጥተው ወደየጠቅላይ ግዛቱ የሚሄዱት ታላላቅ ጎዳናዎች ዜናቸው ተነግሮላቸዋል፤ በዳር አገር ያሉት አጫጭር መንገዶች ግን አስታዋሽ የላቸውም። ከእነዚህም አንዱ በደቡብ ኦሞ ከጂንካ ተነሥቶ የሳላማጎ ወረዳ ዋና ከተማ እስከ ሆነችው እስከ ሃና የሚደርሰው መንገድ ነው። ርዝመቱ ትንሽ ቢሆንም የሰው የዕለት ምግብ ከወዴት እንደሚመጣ በዚያ አገር እንዴት እንደ ተለወጠ ያስረዳልና ታሪኩ ሊታወቅ ይገባዋል።

ጂንካ በደጋው ጫፍ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ በዙሪያዋም እንሰትና እህል ቡናም የሚያለሙት የአሪ ሰዎች ይኖራሉ። መንገዱ ከዚያ ቁልቁለቱን ይወርድና በማጎ ብሔራዊ ፓርክ ዱር ውስጥ ያልፋል። በጂንካ አጠገብ የሚያልፈው የኔሪ ወንዝ በዚሁ ቆላ ከማጎ ጋር ይገናኛል፤ ማጎም ወደ ኦሞ ይገባል። መንገደኛው ማጎን ከተሻገረ በኋላ ራሳቸውን ሙን ብለው የሚጠሩትን የሙርሲዎችን አገር ያገኛል። ወደ ሰሜን ሲያቀና ደግሞ ራሳቸውን ሜኤን የሚሉት ቦዲዎች ይገኛሉ፤ ሃናም ያለችው በእነርሱ አገር ነው። ከዚያም በላይ ባለው ደጋ ዲሜዎች ይኖራሉ፤ በስተምዕራብ ኦሞ ይወርዳል።

መኪና ከመምጣቱ በፊት ደጋና ቆላ የሚገናኙት በእግር መንገድ ነበር። ዲሜዎች ብረት አቅልጠው የሚሠሩ ሰዎች ስለ ነበሩ የሥራቸው ፍሬ ለጎረቤቶቻቸው ሁሉ ይደርስ ነበር፤ የቆላውም ሰው ከብቱን እየነዳ ወጥቶ እህል ይለውጥ ነበር። በ1888 ዓ.ም. ኢጣልያዊው ቪቶርዮ ቦተጎ ወደዚህ አገር መጥቶ ኦሞ ወደ ሩዶልፍ ሐይቅ፥ ይኸውም ዛሬ ቱርካና ወደሚባለው፥ መግባቱን አረጋገጠ። በ1890 ዓ.ም. ደግሞ የራስ ወልደ ጊዮርጊስ ሠራዊት ከከፋ ተነሥቶ እስከዚያው ሐይቅ ድረስ ወረደ። ከዚያ ወዲያ በባኮ የጦር ሰፈር ተመሠረተ፤ የገባር ሥርዓትና የባሪያ ንግድም በአገሩ ላይ ጸና። በዚህም መከራ የዲሜ ሕዝብ ቍጥሩ እጅግ አነሰ። እንግዲህ ከውጭ የመጣው መንገድ መጀመሪያ ያመጣው ገበያን ሳይሆን ጭነትን ነበር።

የመኪና ጎዳና ወደዚህ ዳር አገር የደረሰው ዘግይቶ ነው። በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን በተቋቋመ ጊዜ አስቀድሞ የተሠራው ዋና ከተማውን ከጠቅላይ ግዛቶች ጋር የሚያገናኘው ጎዳና ነበር። ጂንካ ራሷ ለብዙ ዘመን በከተማዋ መካከል ባለው የሣር ሜዳ ላይ በሚያርፈው አውሮፕላን ትጠቀም ነበር። ወደ ገበያ የቀረበውም አስቀድሞ መንገዱ ሳይሆን ሰው ነው። በ1960ዎቹ በደረሰው ድርቅና ረኃብ ምክንያት ከሙርሲዎች አንድ ወገን በ1970ዎቹ መጀመሪያ ወደ ላይኛው የማጎ ሸለቆ ተሰደደ፤ በዚያም ለደጋው ገበያ ቀረበ። ነገር ግን የቆላ ዝንብ ከብቱን ስለ ጨረሰበት የገበያ ጥገኛ ሆነ። ይህን ከ1961 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በመካከላቸው ያጠናው እንግሊዛዊው ዴቪድ ተርተን ጽፎታል።

የቆላው ሰው ኑሮ የቆመው በሦስት ነገር ነበር፤ በከብት፥ በዝናም በሚበቅል እህል፥ እንዲሁም በኦሞ ዳር በሚዘራ ማሽላ። ወንዙ በክረምት ሞልቶ ዳርቻውን አልብሶ ሲመለስ እርጥቡን ደለል ትቶ ይሄድ ነበርና ዝናም ቢቀር እንኳ ማሽላው ይደርስ ነበር። ጥር 17 ቀን 2003 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ በጂንካ በአርብቶ አደሮች ቀን ተገኝተው ታላቅ የስኳር ልማት በኦሞ ዳር እንደሚጀመር ተናገሩ። ከዚያ በኋላ የሃና መንገድ ለታላላቅ የጭነት መኪናዎች ተጠረገ፤ ለሸንኮራውም እርሻ መሬት ተከለለ። ሕዝቡም በመንደር እንዲሰበሰብ ተደረገ። የጊቤ ሦስተኛው ግድብ፥ ቁመቱ 243 ሜትር የሆነው፥ በ2007 ዓ.ም. ውኃ ማጠራቀም ጀመረ፤ ታኅሣሥ 8 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመረቀ። ከዚያ ወዲያ ዓመታዊው የወንዝ ሙላት ቀረ፤ በወንዙ ዳር ይዘራ የነበረውም ማሽላ ከሙላቱ ጋር ቀረ።

ስለዚህ ወንዙ በተዘጋበት ዘመን መንገዱ ተከፈተ። ቀድሞ ኦሞ ራሱ ጎተራ ነበር፤ አሁን ግን ከደጋው የሚወርደው መኪና የጎተራውን ቦታ ያዘ። ወንዙ ሲሞላ ማንንም ሳይጠይቅ ይመግብ ነበር፤ መንገዱ ግን ጭቃ ሲዘጋው ወይም ጠብ ሲነሣበት እህሉ በጂንካ ይቀራል። መኪና ሰውን በገጨ ጊዜም ደም የሚያፋስስ ጠብ መነሣቱ በዚሁ መንገድ ላይ የታየ ነገር ነው፤ ምክንያቱም ለሰው ነፍስ ካሣው እንዴት እንደሚሆን የአገሩ ልማድና የመኪናው ሕግ አስቀድመው አልተስማሙም ነበር።

ከዚህ የተነሣ መንገዱ ክፉ ነው ሊባል አይገባም። በሽተኛ ወደ ጂንካ ሐኪም ቤት የሚወጣው፥ ልጅም ወደ ከፍተኛ ትምህርት ቤት የሚሄደው በእርሱ ነው። ነገር ግን የመንገድ ጥቅም በስፋቱና በድልዳሉ ብቻ አይመዘንም። ቍልቍል የሚወርደው ጭነት ምን ያህል እንደ ሆነ ብዙዎች ቈጥረዋል፤ ከሃና ወደ ላይ የሚወጣው የአገሬው ሰው ከብት፥ ማርና እህል ምን ያህል እንደ ሆነ፥ ዋጋውንም ማን እንደሚቈርጥ፥ ሊቈጠር የሚገባው ይህ ነው። ወንዝ በአንድ ወገን ብቻ ይፈሳል፤ መንገድ ግን በሁለቱም ወገን እንዲኬድበት የተሠራ ነውና።